ታጥቦና ተተኩሶ ስለተመለሰው የቴርሞሜትር ጨርቅ

ይድረስ ለተከበሩ የከተማችን የአየር ሁኔታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት ቀዝቃዛ ክፍል፤

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ከነመላው ቤተሰብዎና ከነማቀዝቀዣዎ በሙሉ ጤንነት እንደሚያገኝዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ሌሊት እንቅልፍ አይንሳዎ፣ ሸሚዝዎም ጀርባዎ ላይ አይጣበቅብዎ። ስለ እኛ ከጠየቁ፣ ከላብ በቀር የበዛብን ነገር ስለሌለ ደኅና ነን።

እኔን አያውቁኝም፤ እንዲያውቁኝም አልጠብቅም። የቢሮዎ መጋረጃ በሚታጠብበት ላውንደሪ ውስጥ፣ ከበሩ ሲገቡ ሦስተኛው የካውያ ጠረጴዛ ላይ የምቆም ልጅ ነኝ። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ዘጠነኛን ስጀምር እናቴ ታመመችና በእሷ ቦታ ቆምኩ። ስለዚህ በጽሑፌ ላይ ስሕተት ቢያገኙ የመምህሮቼ ጥፋት አይደለም፤ ሊያስተምሩኝ ጊዜ አላገኙም።

በአዳራሹ ስብሰባ ላይ ከኋላ፣ ከምሰሶው ጀርባ ነበርኩ። ንግግርዎን ሲጨርሱ «ጥያቄ ያለው?» ብለው ትንሽ ጠበቁና «እንግዲህ ዝምታችሁን እንደ ስምምነት እንወስደዋለን» ብለው ማይክራፎኑን አጠፉት። የሌላውን ሰው ዝምታ አላውቅም፤ የእኔ ግን ስምምነት ሳይሆን አይናፋርነት ነበር። እጄን ከጉልበቴ አንስቼ ደረቴ ድረስ አድርሼው ነበር፤ ከዚያ በላይ አልሄድልሽ አለኝ። ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ይጠፋል፤ ስጽፍ ግን ይመጣል። እጄ እስኪወጣ ድረስ ይህን ያህል ጊዜ ስላስጠበቅኩዎ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ያኔ ልናገር የነበረውን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ በዚያ ቀን ስላስተማሩን ትምህርት አመሰግናለሁ። ከፋብሪካውና ከመኪናው የሚወጣው ጋዝ ምድርን እንደ ብርድ ልብስ እንደሚሸፍናት፣ ብርድ ልብሱም በየዓመቱ እየወፈረ እንደሚሄድ በፕሮጀክተር አሳዩን፤ በደንብ ገባኝ። የዓለም አማካይ ሙቀት ከድሮው አንድ ዲግሪና ትንሽ እንደጨመረ ከነገሩን በኋላም ፈገግ ብለው «አንድ ዲግሪ ማለት ከዚህ ወንበር ተነስቶ እዚያኛው ላይ እንደ መቀመጥ ነው፤ ማን ይሰማዋል?» ሲሉ አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም ከሰው ላለመለየት ፈገግ አልኩ። ሆኖም አማካይ ማለት ምን እንደሆነ ትምህርት ቤት ሳለሁ ተምሬዋለሁ። የክፍላችን አማካይ ውጤት ጥሩ ነበር፤ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ግን ወድቃ ስታለቅስ አማካዩ አላባበላትም። እርስዎ ያሉት አንድ ዲግሪ ማንም የማይኖርበትን ውቅያኖስና በረዶውን ሁሉ ደባልቆ የተካፈለ ነው። የብሱ ከባሕሩ ፈጥኖ ይሞቃል፤ ሌሊቱም እንደ ድሮው አይበርድም፤ እንደኛ ከተማ በውሃ ዳር ላለ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ አየር በሞቀ ቁጥር የሚሸከመው ውሃ ይበዛልና። ይህን ከራሴ አላመጣሁትም። የነገረችን ከእርስዎ ቢሮ የተላከች ባለሙያ ናት፤ ይህም ወደ ሁለተኛው ያደርሰኛል።

ሁለተኛ፦ ባለሙያዋን ስለላኩልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ መልሰው ስለወሰዷትም እንደዚያው።

እኛ ባለመነጽሯ እንላት ነበር። መነጽሯ በእንፋሎቱ እየደበዘዘ ስለሚያስቸግራት ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ዓይኗን አጥብባ ነበር የምትሠራው። በሙቀቱ ወራት መጀመሪያ መጥታ ከእናቴ ጠረጴዛ በላይ አንድ ጣውላ መታችና ሁለት ቴርሞሜትሮች ጎን ለጎን ሰቀለች። አንደኛው ራቁቱን ነበር። የሌላኛው ጫፍ በስስ ጨርቅ ተጠቅልሎ የጨርቁ ጅራት ከሥሩ ካለች ትንሽ ኩባያ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ከዚያ ሁላችንንም፣ ከትምህርት በኋላ እናቴን የማግዘውን እኔንም ጭምር፣ ሰብስባ «ደረቁ አየሩን ይለካል፤ እርጥቡ እናንተን ይለካል» አለችን። ጨርቁ ውሃው እየተነነ ሲሄድ ይቀዘቅዛል፤ ሰውም ላቡ ሲደርቅ እንደዚሁ ነው። አየሩ ውሃ ከጠገበ ግን ጨርቁም አይደርቅም፣ ላብም አይደርቅም፤ ያን ጊዜ ሰውነት ሙቀቱን የሚያወጣበት በር ይዘጋበታል። በእርጥቡ ጎን ቀይ መስመር አሰመረችና ከዚህ ካለፈ ሥራ መቆም አለበት፣ ጥናቱ ሲያልቅ ቢሮው ወረቀት ይሰጣችኋል አለች።

ከእኛ ጋር የምትሠራ፣ በሁሉም ነገር ስለምትስቅ ሳቂታዋ የምንላት ሴት አለች። ወዲያው ወደ እናቴ ዞራ «እትዬ፣ እንግዲህ ከአንሶላው ጋር ገመድ ላይ ልንሰጣ ነው» አለቻት። እናቴም «አንቺን የሚችል ገመድ ከየት ይመጣል?» አለቻትና ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ይህን የምጽፈው በዚያ ቤት ይሳቅ እንደነበር እንዲያውቁ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ጨርቁ ልምጣ፤ እርስዎም በደንብ የሚያስታውሱት እሱን ነው። እናቴ ቆሻሻ ጨርቅ ማየት አትችልም። እንግድነት ሄዳ እንኳ የሰው መጋረጃ አጥፋ አስተካክላ ነው የምትመለሰው። ያ ስስ ጨርቅ በእንፋሎትና በአቧራ ቢጫ እየሆነ ሲሄድ ሳምንቱን ሙሉ ስታየው፣ ስትገላምጠው ሰነበተች። ቅዳሜ ሥራ ሲያልቅ ግን አልቻለችም። «ከመንግሥት የመጣ ዕቃ እንዲህ ቆሽሾ ከራሴ በላይ ይንጠልጠል? ሰው ምን ይለኛል?» ብላ ጨርቁን ፈታች፤ አጠበችው፤ በበረኪና አነጣችው፤ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ስታርች አደረገችው፤ በካውያ ተኩሳ መልሳ ጠቀለለችውና በነጭ ክር አሰረችው። ሰኞ ባለመነጽሯ ስትመጣ ሁለቱ ቴርሞሜትሮች አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው ጠበቋት። መጀመሪያ ፊቷ ተለዋወጠ። ቀረብ ብላ ስታይ ጨርቁ እንደ አዲስ ሸሚዝ ኮሌታ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በስታርቹ ምክንያት ውሃ የሚባል አልነካውም። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀችና እናቴን አቅፋ «እናቴ፣ ሲቆሽሽ ንገሪኝ እንጂ አትንኪው፤ አዲስ አመጣልሻለሁ» አለቻት። እናቴ አፏን በእጇ ሸፍና ቀረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጨርቁ ዘበኛ ሆነች፤ ኩባያው ሳይጎድል ትሞላለች፣ ሳቂታዋ በአጠገቡ ስታልፍ እንኳ «ክንድሽን!» ትላታለች።

ባለመነጽሯ እውነተኛ ሰው ስለሆነች የዚያን የሁለት ቀን ልኬት ሰረዘችው፤ ለምን እንደሰረዘችውም በሪፖርቷ ላይ ጻፈች። ባትጽፈው ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር።

ሦስተኛ፦ ኤሌክትሪክ በመቆጠብ የዓለምን ሙቀት እንድንቀንስ ስለላኩልን ማሳሰቢያ አመሰግናለሁ። አንዲት ቬንትሌተር ነበረችን፤ አንገቷ የተሰበረ፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ የምታይ፤ ተራ ገብተን ፊቷ እንቆም ነበር። የላውንደሪው ባለቤት ማሳሰቢያዎን ግድግዳው ላይ ለጥፎ እሷን ነቀላት። ከዚያ ወዲህ ምድር ምን ያህል እንደቀዘቀዘች ቢያሳውቁን ድርሻችንን አውቀን ደስ ይለናል። በዚያው ሰሞን የታጠበ መጋረጃ ላደርስ ቢሮዎ ስመጣ ጸሐፊዎ ብርዱን መቋቋም አቅቷት ሹራብ ደርባ፣ እጆቿን በእጅጌዋ ውስጥ ከትታ አየኋት። ጉንፋን እንዳይዛት ሳስብ ሰንብቻለሁ፤ እባክዎ ሰላም ይበሉልኝ።

አራተኛ፦ ይህን ቁጥር ብዙ ጊዜ ጽፌ ሰርዤዋለሁ፤ ስለዚህ ምስጋና ሳልጨምርበት እጽፈዋለሁ።

የስብሰባው ዋዜማ ነበር። ለአዳራሹ የሚሆኑት ነጫጭ የጠረጴዛ ልብሶች ከቢሮዎ መጥተው ታጥበው ነበር። እርጥቡ ቴርሞሜትር ቀዩን መስመር ማለፍ ከጀመረ ሰንብቷል። ባለመነጽሯ በየቀኑ መጥታ ታየዋለች፤ ደጅ ወጥታ ወደ ቢሮዎ ትደውላለች፤ ተመልሳ ቁጥሩን መዝገቧ ላይ ትጽፋለች። ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደለም። «ወረቀት ያምጡልኝና ከሰዓት ከሰዓት እዘጋለሁ፤ ያለ ወረቀት ብዘጋ ግን ደንበኛው ሌላ ቤት ሄዶብኝ ሁላችንም እንበተናለን» ይላት ነበር። ወረቀቱ የሚያስፈልገው የእርስዎን ፊርማ ነበር። እርስዎም ስብሰባው ይለፍና ብለው ነበር።

ከትምህርት ቤት ለእናቴ ምሳ ይዤ ገባሁ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ውሃ ውስጥ ተነክሮ የወጣ ይመስላል፤ የእናቴ ፊት ግን ደርቆ ነበር። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ዛሬስ ቀለል ብሏታል አልኩ። ምሳውን ሳቀብላት «እማዬ፣ መጣሽ?» አለችኝ። ሳቂታዋ «እትዬ ዛሬ ልጅነት አምሯታል» ብላ ሳቀች። እናቴ አንዱን የጠረጴዛ ልብስ አጠፈችው፤ ፈታችው፤ ደግማ አጠፈችው። ከዚያ ካውያውን ጨርቁ ላይ እንደተኛ አስቀምጣ እጇን አነሳችና ታየው ጀመር። የሚቃጠል ጨርቅ ሽታ መጣ። ነጥብ የምታህል እድፍ የማትችለው እናቴ ነጭ ጨርቅ ፊቷ ሲቃጠል ዝም ብላ አየች። ሳቂታዋ ሳቋን ያቆመችው ያኔ ነው። ካውያውን ለማንሳት ስትሮጥ እናቴ ወደቀች።

ቀድሞ የደረሰላት ውሃ ቴርሞሜትሩ ሥር የነበረው የኩባያ ውሃ ነው፤ ልኬቱን ልታይ መጥታ የነበረችው ባለመነጽሯ አንስታ እናቴ ፊት ላይ ደፋችው። ከዚያ እርጥብ አንሶላ ሁሉ እያመጣን ጠቀለልናት። እርጥብ ጨርቅ ያቀዘቅዛል ብላ አስተምራን የለ? ግን አልቀዘቀዘችም። አንሶላው አልደረቀማ። ላያችን ላይ የቆርቆሮ ጣሪያው ነበር፤ አየሩ ከአንሶላው እኩል እርጥብ ነበር፤ እኛ ስናራግብ ከአንሶላው ላይ ትኩስ ትንፋሽ ብቻ ነበር የሚመጣው።

እናቴ አልሞተችም። ሐኪሙ ላቧ መቆሙ የአደጋው ምልክት እንደነበር፣ ሙቀቱም አእምሮዋን እንደነካው፣ ኩላሊቷንም እንደጎዳው ነገረን። አሁን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ያገኘችውን ታጥፋለች፤ የራሷን ነጠላ፣ የእኔን ደብተር ወረቀት፣ ምንም ካላገኘች ባዶ እጇን። እኔን አንዳንድ ቀን በስሜ፣ ብዙ ቀን «እማዬ» ትለኛለች። መጀመሪያ «ልጅሽ ነኝ» እላት ነበር፤ አሁን «አቤት» እላታለሁ።

አምስተኛ፦ ስብሰባው ባለመቅረቱ እንኳን ደስ አለዎት። የጠረጴዛ ልብሶቹም በሰዓታቸው ደርሰዋል፤ የተቃጠለውንም ጭምር ባለቤቱ ሌላ ስላልነበረው ልኮታል። ስለ ወረቀቱ ይነገራል ስለተባለ እኔም ከሐኪም ቤት መጥቼ ነበር፤ ከምሰሶው ጀርባ ሆኜ ስፈልገው ከፊትዎ አገኘሁት። የካውያው ጫፍ ያረፈበት ቡናማ ቦታ በግራ እጅዎ በኩል፣ ከአበባ ማስቀመጫው ሥር ነበር። ውሃ ሊጠጡ እጅዎን ሲዘረጉ ማስቀመጫውን በትንሹ ገፋ አደረጉት፤ እኔም ከምሰሶው ወጣ አልኩ፤ መልሰው ወደ ቦታው አደረጉት። አዳራሹ ቀዝቃዛ ነበር።

ከዚያ ጥናታችንን አነሱ። «የሥራ ክፍሉ ሠራተኞች ከዕውቀት ማነስ የተነሳ የመለኪያውን ጨርቅ አጥበው ተኩሰው ስለሰቀሉት» ልኬቱ በሙሉ ተቀባይነት እንደሌለው፣ ስለዚህም ከሰዓት በኋላ ሥራ ለማቆም የሚያስችል የተረጋገጠ ምክንያት እንዳልተገኘ አሳወቁን። «ተኩሰው» ሲሉ አዳራሹ ከአንድ ዲግሪውም በላይ ሳቀ። ከፊቴ የተቀመጠ ሰውዬ ጉልበቱን እየመታ ነበር። ያቺን ሰዓት እናቴ ሐኪም ቤት ተኝታ ነበር፤ ስትስቁባት ባለመስማቷ ለዚህም አመሰግናለሁ።

በእጄ ይዤው ደረቴ ላይ የቀረው ጥያቄ ይህ ነበር፦ አንድ ቅዳሜ የታጠበ ጨርቅ የሌሎቹን ቀኖች ሁሉ እንዴት አድርጎ አደረቃቸው? ባለመነጽሯ ሁለቱን ቀን ሰርዛ ሌላውን ትታዋለች። እናቴ የወደቀችበት ቀን ልኬት ትክክል ነበር፤ ጨርቁም እርጥብ ነበር፤ ኩባያውንም ጠዋት የሞላችው እሷ ራሷ ናት። ጥያቄዬ ያልተማረ ሰው ጥያቄ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ፤ ባለመነጽሯ ትመልስልኝ ነበር፣ ነገር ግን ከእኛ ቤት በኋላ መዝገብ ቤት እንዳዛወሯት ሰማሁ። እዚያ ምንም የሚለካ ነገር ስለሌለ ዓይኗ ያርፋል፤ ስለ ዓይኗ ስላሰቡላት ይባረኩ።

ስድስተኛ ብዬ የጀመርኩት አቤቱታ አይደለም፤ ልመና ነው። የሙቀቱ ወራት ተመልሰው መጥተዋል። ሰማዩ ሰማያዊነቱን ትቶ ነጣ፤ ጠዋት የተሰጣው አንሶላ ከሰዓት ስንነካው ገና እርጥብ ነው። ሳቂታዋ ባለፈው ሳምንት የአንድ ሆቴል ትራስ ልብስ ሁለት ጊዜ ቆጥራ ድምሩ ጠፋባት፤ ስትስቅ ጠበቅኳት፤ አልሳቀችም። እኔም በቀደም ፊቴን ነክቼ ደርቆ ሳገኘው ካውያውን አስቀምጬ ወደ ደጅ ሮጥኩ። ለካ ላቤን ጠርጌው ረስቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ስሠራ በየመሐሉ ፊቴን እነካለሁ፤ ላብ ካገኘሁ ደስ ይለኛል። በሌላ ነገር መለካት ስለማንችል የምንለካው በዚህ ነው።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ሁለቱን ቴርሞሜትሮች መልሰው ይስቀሉልን፤ ባለመነጽሯን ይላኩልን፤ እርጥቡ ቀዩን ባለፈ ቀንም ከሰዓት በኋላ ካውያው እንዲጠፋ ያቺን ወረቀት ይፈርሙልን። ዓለምን እንዲያቀዘቅዙልን አልጠየቅኩም። ለምድር ብርድ ልብሱን ያለበሰቻት የእኛ ቤት አንዲት ቬንትሌተር ስላልሆነች፣ የእርስዎም አንድ ፊርማ እንደማይገፍፍላት አውቃለሁ። የጠየቅኩት በሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ የሚቆመው ሰው በራሱ እግር ወደ ቤቱ እንዲገባ ብቻ ነው። እኔ ከወደቅሁ ለእናቴ «አቤት» የሚላት ሰው የለም።

ውድ ጊዜዎን ሰውተው፣ ቀዝቃዛ መጠጥዎ እስኪሞቅ ድረስ ይህን ያህል ስላነበቡልኝ ከልብ እያመሰገንኩ፣ የሥልጣን ዘመንዎ እንደ ክፍልዎ የተረጋጋ እንዲሆን፣ ደጅዎን የሚያንኳኳ ሙቀት ሁሉ ከጸሐፊዎ ሹራብ እንዳያልፍ እየተመኘሁ፣ በፍጹም ትሕትና እጅ የምነሳዎ፣

ከምሰሶው ጀርባ የነበርኩት፣
በስምምነት የተቆጠርኩት ልጅ

በተጨማሪ፦ መለኪያውን ሊነቅሉ የመጡት ሰዎች ጣውላውንና ቴርሞሜትሮቹን ወስደው ጨርቁን ንብረት አይደለም ብለው መሬት ላይ ጥለውት ሄደው ነበር፤ ያኔ አንስቼ ቤት ወሰድኩት። ትናንት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ላሽገው ሳወጣው እናቴ አየችውና ብዙ ነገር ብትረሳም ቆሻሻነቱን አልረሳችም፤ «ይህን ለሰው ልትልኪ?» አለችኝ። ስለዚህ አጠብኩት፤ ያለ በረኪና፣ ያለ ስታርች። ደርቆ፣ ለክብርዎ በሚመጥን ሁኔታ ልልክልዎ ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ይዤው ሄጄ ከጠረጴዛዬ በላይ፣ በድሮው ምስማር ላይ ሰቀልኩት። አንድ መዳፍ የማይሞላ ስስ ጨርቅ ነው። ቀኑን ሙሉ ጠበቅኩት፤ አልደረቀም። ፖስታው እንዳይርስ በላስቲክ ጠቅልዬ እንዳለ ልኬልዎታለሁ። ጠረጴዛዎ ላይ ሲደርስ እርጥብ ሆኖ ቢያገኙት ከዕውቀት ማነስ የተነሳ አይደለም። እባክዎ አያስተኩሱት።